ከበሩ በላይ ያለው ድንጋይ

ደርግ ጋረደውን ለዘመቻ ሲፈልገው፣ ጋረደው ደግሞ ሱዳንን ፈለገ። በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ከመተማ ተሻግሮ ገዳሪፍ ሲደርስ ማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ አድርጎ ቀጠረው። የሚጠብቀው እንግሊዞች የሠሩትን፣ ሞተሩ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነውን የከተማውን የውሃ መሳቢያ ቤት ነበር። የሚሰረቅ ነገር ስላልነበረው በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ሌባ እንኳ አላስገባም። ከሞተሩ ጀርባ ባለችው ክፍልም ከሚስቱ ከወርቅውሃ ጋር ኖረ።

አንድ ሰኞ ወሬ መጣ፦ ቤቱ ታሪካዊ መሆን አለመሆኑን የሚመረምር መሐንዲስ ሐሙስ ይደርሳል። ታሪካዊ ከሆነ ይቆያል፤ ካልሆነ ይፈርሳል፣ ዘበኛውም ከነአልጋው ይወጣል።

«አንተ ሰው፣ እንግዳ ሊመጣ ቤቱ እንዲህ ገርጥቶ ይቆየው?» አለች ወርቅውሃ። «በአገራችን ለዝክር እንኳ ግድግዳ ይለቀለቃል።»

ጋረደው ወግ የሚያፈርስ ሰው አልነበረም። ባልና ሚስት ሁለት ቀን ሙሉ ኖራ ሲቀቡ ዋሉ፤ ከበሩ በላይ ያለውን ጽሑፍ ያለበትን ድንጋይማ አክብረው ሁለቴ ደገሙለት።

ሐሙስ ጧት መሐንዲሱ ያዕቁብ መጣ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ አሮጌው ቤት የት ነው?»

«ይኸው፣ ባሽሙሃንዲስ!»

«ይኼማ ትናንት ያለቀ ነው። ዓመቱ የተቀረጸበት ድንጋይስ?»

ጋረደው ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ሰባት ዓመት ከሌባ የጠበቀውን ቤት በሁለት ቀን ራሱ ሰርቆታል። የወርቅውሃን ቢላዋ ይዞ መሰላል ላይ ወጣና ይፍቅ ጀመር። ከነጩ ኖራ ሥር ቢጫ ወጣ፤ ከቢጫው ሥር ሰማያዊ፤ ከሰማያዊው ሥር እንደገና ነጭ።

«ቆይ፣ ቆይ!» ያዕቁብ ጋረደውን አስወርዶ ራሱ ወጣና በጣቱ ቆጠረ። ዘጠኝ ድርብርብ። «ካንተ በፊት ዘበኛው ማን ነበር?»

«አባ ቱርካ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። የአገሬ ሰው ናቸው። ከሳቸውም በፊት አጎታቸው። በአገራችን እንግዳ ሲመጣ ግድግዳ ይለቀለቃል።»

«ያስታውቃል!» አለ ያዕቁብ፤ መሰላሉ እስኪነቃነቅ ሳቀ።

ከዘጠነኛው ሥር «1926» የሚል የፈረንጅ ዓመት ብቅ አለ።

«ስልሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ለታሪክ ገና ልጅ ነው» አለ መሐንዲሱ። ጋረደው ከታች መሰላሉን አጥብቆ ያዘ። «ነገር ግን ሹም በመጣ ቁጥር አዲስ ልብስ የለበሰ ቤት ሌላ የት ይገኛል? እያንዳንዱ ኖራ አንድ ጉብኝት ነው። ይህንስ መዝገብ ቤትም አላገኝም።»

በወሩ ደብዳቤ ደረሰ፦ ቤቱ አይፈርስም፤ ዘበኛው አይነሣም፤ ኖራ አይነካም።

ጋረደው አስነብቦ እፎይ ሲል፣ ወርቅውሃ ተፍቆ የተቦዳደሰውን ግድግዳ ቆማ ታያለች።

«መሐንዲሱ ደስ ብሎታል እኮ፤ ሊጎበኘን ተመልሶ ይመጣ ይሆናል» አለች።

«አንቺ ሴት፣ የኖራውን ባልዲ አስቀምጪ!»