ጥይት የሌለው ይግባ

ባምባሲ ውስጥ ሰርግ የደገሰ ሰው የሚጨነቀው ስለ በሬው ወይም ስለ ጠላው ከመሰላችሁ ባምባሲን አታውቋትም። የሚጨነቀው ብሪቱ ትመጣ ይሆን ወይስ ትቀር ይሆን እያለ ነበር። ትመጣለች እንጂ! ሳትጠራም ትመጣለች። ጎረቤቷ ስለሆንኩ አውቃለሁ፤ በር ላይ አጠገቧ ቆሜ ከረጢት የምይዘውም እኔ ነበርኩ።

ጊዜው ክልላችን ገና አዲስ የሆነበት ነው። አሶሳ ላይ ዛሬ የግብርና ቢሮ የነበረው ቤት ነገ የትምህርት ቢሮ ሆኖ ያድራል፤ ባለጉዳይ ማመልከቻውን ይዞ ይዞራል። እኛ ጋ የበዛው ግን ቢሮ ሳይሆን ጠመንጃ ነበር። የደርግ ወታደር ሲበተን በየመንገዱ የጣለውን ክላሽ፣ ያልጣለውንም በዳቦ የለወጠውን፣ ሰው ሁሉ ወስዶ አልጋው ሥር አስተኝቶታል። ክላሽ ደግሞ አርፎ አይተኛም፤ ሰርግ ሲመጣ ይወጣል። ሙሽራ ገባች ተብሎ ይተኮሳል፣ ወጣች ተብሎ ይተኮሳል፣ ወጡ ጣፈጠ ተብሎ ይተኮሳል።

የብሪቱ ባል ገመቺስ የሞተው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ጠመንጃ ያለው ሰው በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ነው። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ጭፈራ ላይ ማንም የማይችለው ሰው ነበር። አንድ ሰርግ ላይ የገዛ ጓደኛው ደስ ብሎት ምንሽሩን ወደ ሰማይ ሊተኩስ ሲል የሚጨፍር ሰው ገፋው፤ ጥይቷም ሰማይ አልሄደችም። ገመቺስ እየዘለለ ነበር፤ ሲወርድ በእግሩ አልቆመም። ከበሮ መቺው እንኳ ቶሎ አልገባውም። ሽማግሌዎች ገብተው፣ በኦሮሞ ወግ ጉማ ተከፍሎ ደሙ ደረቀ፤ ጓደኛውም አገር ለቆ ሄደ። ብሪቱ ትንሿን ልጇን ቀነኒን ታቅፋ ቀረች።

እንግዲህ አንድ ምንሽር ይህን ካደረገ፣ ያ ሁሉ ክላሽ ምን ሊያደርግ ነው? ብሪቱ ይህን ስታስብ ከርማ አንድ ነገር አገኘች። በሰርግ ወግ የሙሽራዋ ወገን በር ይይዛል፤ ሚዜዎች ሽቶ ረጭተው፣ ተለማምጠው፣ ተሰድበው ነው የሚገቡት። በር ላይ የተሰደበ ሰርገኛ ደግሞ አይቆጣም፤ ከተቆጣ የአገር መሳቂያ ይሆናል። ብሪቱ ይህን ወግ ጠለፈችው። ከልጃገረዶቹ ፊት ወገቧን ይዛ ትቆምና፣

«ሽቶውን ለራሳችሁ ተቀቡት፣ ያስፈልጋችኋል! ጥይት የሌለው ይግባ!» ትላለች።

ጠመንጃውን አትነካም፤ እሱ የወንዱ ጌጥ ነው። የምትፈልገው ጥይት የጎረሰውን ካዝና ብቻ ነው። ነቅሎ የሰጠ ይገባል፤ ያልሰጠ ጢሙ፣ አፍንጫው፣ የአያቱ አካሄድ ሳይቀር እየተነሳ ይሰደባል። ካዝናው በእኔ ከረጢት ወደ ማህጁብ ሱቅ ይሄድና ጨው ውስጥ ይቀበራል፤ ሰርገኛው ከከተማ ሲወጣ ለየባለቤቱ ይመለሳል። ማህጁብ የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛውን በገበያ ነው የለመደው።

«ወላሂ ብሪቱ፣ አንተ መንግሥት ነህ!» ይላት ነበር። «መንግሥት ወረቀት ጽፎ አልሰበሰበ፤ አንተ በስድብ ሰበሰብክ!»

ቀነኒ አድጋ የራሷ ሰርግ ሲደርስ ግን የብሪቱ ሳቅ ጠፋ። ሙሽራው ቢሻው ከወሎ ሰፋሪዎች መንደር ነው፤ የተባረከ ልጅ፣ ዝምተኛ። ጣጣው የሰርገኛው መሪ ነው። ጋሽ ጫኔ ይባላል፤ ሽማግሌ ሆኖ ቀነኒን የጠየቀውም እሱ ነው። ክላሹን ቅባት እየቀባ ያብለጨልጨዋል፤ ገበያ ይዞት ይሄዳል፣ ለቅሶ ይዞት ይሄዳል፣ ሽንት ቤትም ይዞት ይገባል ይባላል። በመንደሩ ጫኔ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ውሻ እንኳ መጮህ ይተዋል።

«ልጄን ከዚህ ሰርግ በደህና ካላስወጣኋት፣ እኔም አብሬ ነው የምቀበረው» አለችኝ ብሪቱ።

ሰርገኛው አቧራውን እያስነሳ፣ ከበሮውን እየደለቀ መጣ። እኔና ብሪቱ በሩን ይዘናል፤ ከረጢቴ አፉን ከፍቷል። መጀመሪያ ላይ እንዴት ያለ ደስታ ነበር!

«አንተ የበሰለ ማንጎ! ከነልጣጭህ ነው ሊበሉህ ያመጡህ?» ትላለች፤ ማንጎ የተባለው ሰውዬ እየሳቀ ካዝናውን ይነቅላል።

«አንተ ደግሞ፣ ይሄን ኮት ከማን ሬሳ ላይ ገፈፍከው?» ባለ ኮቱም ያስረክባል። ከረጢቱ ትከሻዬን ገነጠለው፤ እኔ ግን ከሳቅ ብዛት ሕመሙ አልታወቀኝም።

ከዚያ ጋሽ ጫኔ ደረሰ።

«አልሰጥም» አለ።

ተሰደበ፤ ንቅንቅ አላለም። ተለመነ፤ ንቅንቅ አላለም። ሙሽራው ከኋላው ቆሟል፤ መሪው ሳይገባ እሱ እንዴት ይገባል? ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ጓዳ ወጡ ይቀዘቅዛል።

«እኔ ጫኔ መሣሪያዬን አራቁቼ አልገባም! ካስፈለገ ሙሽራውን ይዤ እመለሳለሁ!»

ቀነኒ ይህን ስትሰማ ዓይነ ርግቧን ገልባ በመስኮት ብቅ አለች። «እማ፣ በማርያም! ተዪው ይግባ!»

«ባል ሌላ ይገኛል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ!» ብላ ጮኸች እናቷ። «አንቺ ግን ያለሽኝ አንድ ነሽ! ገብተሽ ቁጭ በዪ!»

ጎረምሶች መገፋፋት ጀመሩ። ከዚህም ከዚያም ዱላ ተነሳ፤ አንዱ የአንዱን ኮሌታ ያዘ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ካዝና የቀረው ጫኔ ብቻ ነው፤ ጣቱ ደግሞ ቃታው ላይ ነው። እኔ በልቤ ቀነኒን ቀበርኳት፤ እውነቴን ነው።

ብሪቱ ዘለለችና ካዝናውን ራሷ ነቀለችው።

ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። የካዝናውን አፍ በመዳፏ ከድና ጫኔን አየችው፤ እሱም አያት። ያ ውሻ የሚፈራው ሰው ዓይኑ የሕፃን ዓይን ሆኖ ይለምናል። ብሪቱ ትንፋሿን ሳበችና፣

«ኧረ ያዙኝ!» ብላ ጮኸች። «ኧረ ወገቤ ተቆረጠ! ሰውዬው ጦር ሜዳውን ነው እንዴ ተሸክሞ የመጣው!»

በሁለት እጇ እያቃሰተች ከረጢቴ ውስጥ አስገባችው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ዱላው ወረደ፤ ከበሮው ቀጠለ፤ ጋሽ ጫኔም ደረቱን ነፍቶ ገባ። ወደ ከረጢቱ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ካዝናው ውስጥ አንዲት ጥይት የለችም።

ከዚያ በኋላ ተበላ፣ ተጠጣ። ብሪቱ ከገመቺስ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥታ ጨፈረች፤ ያውም እንዴት! ደክሟት ከጓሮ ከእንጨቱ ክምር አጠገብ እኔ ጋ መጥታ ስትቀመጥ፣ ጋሽ ጫኔ ተከትሏት መጣ።

«ለምን አላጋለጥሽኝም?» አላት።

እሷ ገና ከሳቋ አልወጣችም። «አንተ ቀጣፊ! ባዶ ተሸክመህ ነው እንዴ አገር የምታንቀጠቅጠው? ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ልጄ ከሞተ ጀምሮ።»

ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። እሱ መሬት መሬት እያየ ነገራት። ፓዌ በሰፈሩበት ጊዜ ሚሊሻ ነበር። መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከብት ሊያስገባ ወጣ። ልጁ በርጩማ ላይ ወጥቶ አወረደው። የተኩስ ድምፅ ሰምቶ ሮጦ ሲገባ በርጩማው ተገልብጧል። እዚህ አገር ከልጁ እናት በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ጋሽ ጫኔ ዛሬ የለም፤ ሚስቱ ፈቅዳልኝ ነው የምናገረው።

«ወደዚህ ስንመጣ ጥይቶቹን ዳቡስ ወንዝ ጣልኳቸው» አለ።

«ጠመንጃውንስ ለምን አብረህ አልጣልከውም?»

«ባዶ እጄን ከሄድኩ፣ ባዶ መሆኑም ከታወቀ፣ ለምን ይሉኛል። ለምን ካሉኝ መናገር ሊኖርብኝ ነው። አልችልም፣ እህቴ።»

ሰርገኛው ሙሽራዋን ይዞ ሲወጣ ከከተማው ጫፍ ቆመን ካዝናዎቹን መለስን። የጋሽ ጫኔን መጨረሻ ላይ ብሪቱ በሁለት እጇ እንደ ከባድ ዕቃ አነሳችና ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣

«አደራ ጋሽ ጫኔ! ይህችን እሳት ሰው ላይ እንዳታነጣጥራት!» አለችው።

ሰዉ ሳቀ። «አላነጣጥርም» ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ ጠላ የበዛበት መሰላቸው። ቀነኒ በበቅሎ ላይ ሆና ሄደች፤ በሕይወት፣ በደህና፣ አንዲት ጥይት ሳይተኮስ። እልልታዬ ጉሮሮዬን ሊቀደው ደረሰ። ብሪቱ ግን እልል አላለችም፣ አላለቀሰችምም። ዞር ብላ ክንዴን ያዘችኝ።

«የልጁን ስም ጠየቅነው?»

«የየትኛው ልጅ?»

«የጫኔ ልጅ!»

አልጠየቅነውም። ጫማዋን አውልቃ ወረወረችና በአዲስ ቀሚሷ ሰርገኛውን ተከትላ ሮጠች። የሙሽራ እናት ከሰርገኛ ኋላ ስትሮጥ ማን አይቶ ያውቃል! ሴቶቹ «ልጇን ልትመልስ ነው!» ብለው ጮኹ፤ ቢሻው በድንጋጤ የበቅሎዋን ልጓም አነቀ። እሷ ሙሽሮቹን ዞራም አላየቻቸው። ጋሽ ጫኔን ደረሰችበትና ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች። ሰውዬው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ክላሹን መሬት አስቀምጦ ተናገረ።

ቀስ ብላ ተመለሰች። «ደርሶ» አለችኝ፤ «ደርሶ ነው ስሙ።» በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደን የገመቺስን ስም ለጸሎት ስታስጠራ፣ ካህኑ ሌላ ስም አለ ወይ ብለው ጠየቋት፤ ደርሶ አለች።