ለኮምፒውተሩ የተሸመነ ልብስ

አባባ መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ «ወርዱ ስንት ክንድ ነው?» ብለው ነው። ኮምፒውተርን በክንዱ የለካ ሰው ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው አለመኖሩን አይቼ፣ ሣጥኑ ላይ ክንዴን ዘርግቼ ለካሁላቸው። ወርዱ አንድ ክንድ ከአራት ጣት፣ ከፍታው ስንዝር አይሞላም። ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሣጥኑን በእጃቸው አየር ላይ ሠሩትና፣ «ትንሽ ናት ለካ» አሉ። ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ የሚያውቁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባባ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበሩ። እናቴ ከሞተች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሳቸው ነን። እሳቸው ቀኑን ሙሉ እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከትተው መወርወሪያ ሲወረውሩ ይውላሉ፤ እኔ ዊንጌት አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ቁጥር ሳስገባ እውላለሁ። ቤት ስንገናኝ «እንዴት ዋልሽ?» «ደህና»፣ በቃ። ተጣልተን አልነበረም፣ ኧረ በፍጹም! የምናወራው ጠፍቶን ነው። እኔ የድርና የማግ ወሬ ሰልችቶኝ ያደግኩ ነኝ፤ እሳቸው ደግሞ ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። አንድ ቀን፣ «ቴሌቪዥን የመሰለ ነገር ነው» ብዬ ገላገልኳቸው። ጉዱን ያመጣው ይሄ ቃሌ ነው።

ምክንያቱም በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ልብስ ነበረው። ሬዲዮም እንደዚያው። ዳንቴልም ይሁን ጥልፍ፣ እንደ አቅሙ፣ ማንም የቤቱን ዕቃ ሳያለብስ አያስቀምጥም። ራቁቱን የተቀመጠ ቴሌቪዥን ያየ እንግዳ፣ ወጥቶ የቤቱን እመቤት ነው የሚያማው። አባባም፣ «የመንግሥት ዕቃ ራቁቱን ይቀመጣል እንዴ? ነውር ነው!» አሉና የገበያ ሥራቸውን ወደ ጎን አድርገው ለኮምፒውተሩ ልብስ ሸመኑለት። ነጭ ሆኖ ዳርና ዳሩ ቀይና አረንጓዴ ጥለት ያለው፣ ከፊትም ከኋላም ወፈር ብሎ የሚወርድ፣ ዘርፉ ስንዝር የሚያህል። ዘርፉን አንድ በአንድ ሲቋጩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ አጠገባቸው ተቀምጬ አላውቅም።

ጨርቁን ቢሮ ወስጄ ሣጥኑ ላይ ዘረጋሁና ስክሪኑን ከላይ አስቀመጥኩበት። አለቃዬ ገብቶ አየና፣ «እሰይ! አሁን ቢሮ መሰለ» አለ። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

አሁን ስለ ማሽኑ ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤታችን የድልድይ ጥናት ይሠራል፤ ኮምፒውተር ያለን አንድ ብቻ ነው፤ እሱን የሚያውቀውም አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እኔ። ውጭ አገር ለዘጠኝ ወር ሥልጠና የተላክነው ሁለት ነበርን። አብሮኝ የሄደው ልጅ እዚያው ቀረ። ቀረና ጦሱ ለእኔ ተረፈኝ! ከተመለስኩ ጀምሮ ሰው በጎሪጥ ነው የሚያየኝ፤ «እሷም የምታውቀው ነገር አለ» ዓይነት። ምሳ ሰዓት እኔ ያለሁበት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። አንድ ነገር ሲከብደኝ የምጠይቀው የለም። ላሠለጠኑን ሰዎች ደብዳቤ ልጻፍ ብል ሄዶ እስኪመለስ ሁለት ወር። ምን ላድርግ? ከማሽኑ ጋር ማውራት ጀመርኩ። «ተነስ እንጂ ወንድሜ» እለዋለሁ ጠዋት ሳበራው።

አባባ ጨርቁን ባስረከቡኝ በዚያው ሳምንት ከውጭ አንድ ትንሽ ዕቃ መጣልን፣ ኮ-ፕሮሰሰር። ዋናው ቦርድ ላይ፣ ከዋናው ቺፕ ጎን፣ ከፋብሪካ ጀምሮ ባዶውን የተተወለት ቦታ አለው። ሥራው ከባድ ስሌት ብቻ ነው። ዋናው ቺፕ ቁጥሩ ሲበዛበት ለእሱ ያቀብለዋል፤ ሌላ ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ማንም አይጠራውም። ጸባዩ ከእኔ ጋር ስለገጠመልኝ ወደድኩት። አርባ እግሩን ጎንበስ ብዬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ቦታው ላይ ሰካሁት። ቀኑን ሙሉ ይፈጅ የነበረ ስሌት በሁለት ሰዓት ሊያልቅ ነው ተባለ። ለአለቃዬም ይህንኑ አፌን ሞልቼ ነገርኩት።

ስሌቱን ባስጀመርኩ በአርባ ደቂቃ ገደማ ስክሪኑ ድርግም አለ። ከዚያ ማሽኑ «ጢጥ» ብሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ልክ ጠዋት እንደሚነሳው እንደ አዲስ ተነሳ። የአርባ ደቂቃ ሥራ ውኃ በላው። እንደገና አስጀመርኩ፤ እንደገና ድርግም። ደብዳቤ ሲጻፍበት ግን ቀኑን ሙሉ ቢውል ንቅንቅ አይልም። ስሌት ሲሆን ብቻ።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት መብራቱን ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ካፌ ምድጃ ሲበራ መብራቱ ይደክማል። ለምኜ ምድጃውን አስጠፋሁ፤ በእኔ ምክንያት ሰው ሻይ ሳይጠጣ ቀረና ያልሰማሁት ስድብ የለም። ማሽኑ ግን ያው ነው። ከዚያ አዲሱን ቺፕ ነቅዬ ሞከርኩ። ስሌቱ ቀኑን ሙሉ ፈጀ እንጂ አንዴም አልጠፋም። በቃ፣ ጥፋቱ የአዲሱ ቺፕ ነው አልኩ። እግሮቹን አንድ በአንድ በላጲስ አጸዳሁና መልሼ ሰካሁት፤ ቦርዱን እያየሁ ልሥራ ብዬ ክዳኑን ሳልገጥም፣ ስክሪኑን ጎን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ስሌቱን አስጀመርኩ። ሁለት ሰዓት እንደ ሰዓት ሠርቶ ጨረሰ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ክዳኑን ገጠምኩ፣ ጨርቁን አለበስኩት፣ ስክሪኑን መለስኩና አለቃዬን ጠራሁት። ቁጭ ብሎ እያየ፣ በአርባ ደቂቃ፣ ድርግም።

ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ስከፍተው ይሠራል፤ ገጥሜ ሰው ስጠራ ይሞታል። «ክፍቱን ይሥራ» ብል አለቃዬ፣ «ሆድ ዕቃው ተዘርግቶ? እንግዳ ቢመጣስ? አቧራውስ?» አለኝ። በአራተኛው ቀን የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ አስጠራኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ጓድ፣ አንቺ ስትነኪው ይሠራል። እኛ ስናየው ይቆማል። ይሄ ነገር ምን ይባላል?»

«አላወቅኩትም፣ ጓድ። እየፈለግኩ ነው።»

«ድልድዩ ከክረምት በፊት መጀመር አለበት። ቅዳሜ ጠዋት ስብሰባ አለን። እስከዚያ ካልታወቀ እኛ ስም እናወጣለታለን።»

ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። አሻጥር። በዚያ ዘመን ይሄ ቃል ፋይሉ ላይ የተጻፈበት ሰው ሥራውን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ገብቶ የሚቀርበት ቦታም ነበረ። ከክፍሉ ወጣሁ። ለአባባ ልንገራቸው? ምን ብዬ? ቤት ገባሁ። «እንዴት ዋልሽ?» «ደህና።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ ስሌቱን አስጀመርኩ። ክዳኑም ጨርቁም እንዳለ ነው። ተስፋ ቆርጫለሁ፤ እስኪጠፋ ነው የምጠብቀው። ሰው ጭንቅ ሲይዘው እጁ ሥራ አይፈታ፣ ከኋላ በኩል የተጣመመ የጨርቁን ዘርፍ ላስተካክል እጄን ሰደድኩ። ወዲያው አሸሸሁት። ጨርቁ ከካውያ ሥር እንደወጣ ይፋጃል። ገለጥ ሳደርገው የታፈነው ሙቀት ፊቴን መታኝ። አየር ማስወጫው ላይ፣ ድርብ ሆኖ፣ ጥብቅ ብሎ የተሸመነው የአባባ ጨርቅ ተጋርዷል። ከፊት ያለውም ማስገቢያ እንደዚሁ። ዋናው ቺፕ ብቻውን ሲሆን ይችለዋል፤ አዲሱ ቺፕ ሥራ ሲጀምር ግን ይግላል፣ ሲግል ይሳሳታል፣ ቦርዱም ሁሉን ጥሎ እንደ አዲስ ይነሳል። እኔ ስከፍተውማ ጨርቁን መጀመሪያ አጣጥፌ አስቀምጣለሁ እኮ! በየቀኑ በገዛ እጄ በሽታውን አንስቼ፣ በሽታ ስፈልግ እውላለሁ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። ጨርቁን ዝም ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ መውጣት እችል ነበር። ማሽኑ ይሠራል። ካድሬው ግን ምክንያት ነው የጠየቀኝ። «ዛሬ ደግሞ ዝም ብሎ ሠራ» ብል ገመዱን በራሴ አንገት ላይ ማጥለቅ ነው። ነጻ ለመውጣት የአባባን ጨርቅ ሰው ፊት በወንጀለኝነት ማቅረብ አለብኝ። አባባ እዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያላቸው ነገር ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ቅዳሜ አቀረብኩት። አለቃዬና ካድሬው ተቀምጠው እያዩ፣ ከነጨርቁ አስጀመርኩት። በሰላሳ ስምንት ደቂቃ ድርግም። ጨርቁን አነሳሁ፣ እስኪበርድ ጠበቅኩና እንደገና አስጀመርኩት፤ ክዳኑን አልነካሁም፣ እጄን ኋላዬ አድርጌ ቆምኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ስሌቱ አለቀና የወረቀቱ ማተሚያ መንጫጫት ጀመረ።

ካድሬው ጨርቁን አንስቶ አገላበጠው። «ይህን ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ። አባቴ ናቸው የሸመኑት። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው።»

ያኔ ጉድ ፈላ። ማሽን የገደለ ጨርቅ ነው እንዳይል፣ የጭቁን ሸማኔ ላብ ነው፤ በስብሰባ ሁሉ ስለ እጅ ባለሙያ ክብር የሚያወራው ራሱ ነው። ምንም የለበት እንዳይል ደግሞ ድልድዩን አንድ ሳምንት አስዘግይቷል። ጥለቱን በጣቱ እየዳበሰ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ፣ «ተመዝግቦ፣ ታሽጎ፣ ንብረት ክፍል በቁልፍ ይቀመጥ» አለ። የምታሰርበትን ወረቀት የምጽፈውም እኔ ሆንኩ፤ ጨርቁ የሚታሰርበትን ማለቴ ነው። «የብልሽቱ ምክንያት» ብዬ በእጄ ጽፌ፣ ከዘርፉ ጋር በክር አሰርኩት። አባባ የቋጩት ዘርፍ ላይ። የኔ ነገር በዚያው ተዘጋ፤ ሰዉ ግን ወደ ጠረጴዛዬ አልተመለሰም።

ሰኞ ዕለት አባባ ከጉድጓዱ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ጨርቁ እንዴት ነው? ቀለሙ አልለቀቀም?»

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። አልቻልኩም። «አለ፣ አባባ» አልኩ። ዝም ስል እንዳይጠረጥሩ ደግሞ፣ «አሁንማ ንብረት ክፍል በቁልፍ ነው የሚያስቀምጡት» አልኳቸው።

መወርወሪያውን አቆሙ። «በቁልፍ?»

«በቁልፍ።»

ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲያ እሳቸውም አልጠየቁኝ፣ እኔም አላነሳሁባቸው፤ «እንዴት ዋልሽ?» «ደህና» እያልን ሁለት ዓመት ኖርን። እንደዋሸኋቸው የገባቸው መስሎኝ በየቀኑ አፍር ነበር። እንዲያውም ቤት እየዘገየሁ መግባት አመጣሁ።

አባባ በክረምት አረፉ። ለቅሶ ሊደርሱ ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች ሁሉ መጡ። አንድ ሽማግሌ፣ ከአባባ ጎን ለጎን ሲሸምኑ የኖሩ፣ አጠገቤ ተቀመጡና ፊቴን አተኩረው አዩኝ።

«ጨርቁን መንግሥት ቤት ያስገባሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«የቱን ጨርቅ?»

«የማሽኑን ነዋ! መንግሥት በቁልፍ የሚያስቀምጠውን። እኛ የሠራነው ሁሉ ተለብሶ አለቀ። የሳቸው ብቻ በቁልፍ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሯችንን አደነቆሩን እኮ! 'ልጄ ናት ያስገባችው፣ ልጄ የማሽን ሐኪም ናት' እያሉ። አሁንም አለ?»

«አለ» አልኳቸው።

«በቁልፍ?»

«በቁልፍ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «እሳቸውስ ታድለዋል» አሉ። እኔ ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። አባባ ስለ ሥራዬ ሽሮ ሜዳን ሙሉ ሲያወሩ ኖረዋል። ያላወሩት ከእኔ ጋር ብቻ ነው።