የወደቀችው የጎማ መንፊያ

ዛሬ ቢሮ አንድ ወጣት ባልደረባዬ አዲስ ብስክሌቱን እያሳየኝ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ በብስክሌት ሥራ መሄድ የጀመሩት መቼ ነው?" ሲለኝ አፍሬ አቀረቀርኩ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ መተማ ጤና ረዳት ሳለሁ። ለአየር ንብረት አስቤ እንዳይመስላችሁ፤ ቤንዚን በኩፖን ስለነበረ ነው።

በሰሊጥ እርሻዎች መሃል ወዳለች ክሊኒክ በየቀኑ እሄዳለሁ። ያገኘኝ መንገደኛ ሁሉ እያስቆመ የወባ ኪኒን ይጠይቀኛል። ሰልችቶኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ወደ ከተማ የሚሄዱ ሽማግሌ አልፌ ጥቂት እንደራቅሁ፣ "ልጄ! አንተ ልጄ!" እያሉ ከኋላዬ ተጣሩ። ኪኒን ፈልገው ነው ብዬ ፔዳሉን አጥብቄ ረገጥኩት። ብስክሌት ከሰው ለማምለጥም ይመቻል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ እኚያው ሽማግሌ ላብ በላብ ሆነው ክሊኒኩ በር ላይ ቆሙ። የጎማ መንፊያዬን ይዘዋል። ለካ ከብስክሌቱ ወድቃብኝ ኖሯል።

"በዚህ ሁሉ እሾህ ያለሷ እንዴት ልትመለስ ነው?" አሉኝ። ቀጥለውም፣ "ተጣርቼ ነበር፤ ነፋሱ አላሰማህም መሰለኝ።"

"አዎ አባባ፣ ነፋሱ ነው" አልኳቸው። ውሃ እንኳ ሳልሰጣቸው ያንን ሁሉ መንገድ እንደገና ሊጀምሩት ተመለሱ።

ያን ቀን ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም።

ለልጁ ዛሬ የነገርኩት ስለ ጎማና ስለ ፍሬን ብቻ ነው። እናንተስ፣ እየሰማችሁ እንዳልሰማ ያለፋችሁት ሰው አለ? እስቲ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልፈር።