ወርቅቱ ያፈሰሰችው ውሃ

በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ በሰበታዋ ትንሿ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን በዓመቱ የተለዩንን እናስባለን። ዘንድሮ፣ በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.፣ ሦስት ሰው ቀብረናል። ለሁለቱ ልጆቻቸው ይናገሩላቸዋል። ወርቅቱ ግን ልጅ አልነበራትም፤ ስለዚህ የባሏ እህት እኔ ተረፈች እንድጽፍላት ተለመንኩ። «አጭር አድርጊው» ተብያለሁ። እንደማይሆንልኝ የለመነኝም ሰው ያውቃል።

ወርቅቱ አዋላጅ ነበረች። ሰበታ ውስጥ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም፣ ከጅማ መንገድ በላይም በታችም፣ ዛሬ ሚስት ያገቡ ጎረምሶች ሳይቀሩ ወደዚህ ዓለም ሲመጡ መጀመሪያ የያዛቸው የእሷ እጅ ነው። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ ትዕግሥቷም ለምጥ ብቻ የተሰጠ ነበር። ለሌላው ነገር ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረባትም። ወንድሜ ጎበና፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ግንበኛ ነበር፤ «ድንጋይ ሁሉ እንደ ሚስቴ ቢጠነክር ኖሮ ሲሚንቶ ምን ያደርግልኝ ነበር?» ይል ነበር። እሷ ሰምታ ትስቃለች፤ ራቱን ግን ታዘገይበታለች።

ቀብሯ ላይ የመጣውን ሰው አይቼ አፌን ያዝኩ። እኛ ካቶሊኮቹ ብንሰበሰብ አንድ ሰፊ ቤት የማንሞላ ሰዎች ነን። ያን ቀን ግን የሚሲዮኑ ግቢ አልበቃ ብሎ ሰው መንገድ ላይ ቆመ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ የኦርቶዶክስ ሴቶች፣ ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ እስላም ነጋዴዎች፣ ከቡራዩ ድረስ በእግራቸው የመጡም ነበሩ። አዲሱ የሚሲዮን አባት ወደ እኔ ጠጋ ብለው «እኚህ ሴት ምን ሠርተው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በልቅሶ መሀል ምን ብዬ ልመልስ? ይኸው አሁን እመልሳለሁ።

በእኛ ትምህርት ሕፃን ሊሞት ሲል ቄስ ከሌለ፣ ማንም ሰው ውሃ አፍስሶ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሊያጠምቀው ይችላል። ይህን ለወርቅቱ ያስተማሯት የቀድሞው የሚሲዮን አባት ናቸው። አንድ ሕግም አብረው ሰጧት፤ ወላጅ ሳይፈቅድ በሰው ልጅ ላይ ውሃ እንዳታፈሺ አሏት። እሷም ያንን ሕግ እንደ መሐላ ያዘችው። ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክሶች ዘንድ ግን ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው። የሚያጠምቀውም ቄስ ነው፤ ቄስ ደግሞ አራስ ቤት አይገባም። በዚያን ጊዜ በሰፈራችን ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ፍትሐት አልነበረውም። የሚቀበረውም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነበር።

ገለቴና ባሏ ነገሳ ሁለት ልጆች እንዲያ አድርገው ቀብረዋል። ገለቴ ገበያ ስትሄድ በዚያ በኩል እንዳታልፍ ዙሪያውን ትዞር ነበር። ሦስተኛውን ስታምጥ ወርቅቱን አስጠራች፤ እኔም ላግዛት አብሬያት ሄድኩ።

ልጁ ሲወጣ አላለቀሰም። መላ አካሉ ጠቁሯል። ወርቅቱ አፉን በጣቷ ጠረገች፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገች፣ በእግሩ ዘቅዝቃ ያዘችው። ውጭ ያሉት ወንዶች እልልታ እየጠበቁ ጸጥ ብለዋል። ያንን ጸጥታ እንኳን እናቱ እኔም አልቻልኩትም። ገለቴ ከተኛችበት ክንዷን ዘርግታ የወርቅቱን ቀሚስ ጨበጠች።

«አዴ ወርቅቱ፣ ማሎ፣ እባክሽ! አንቺ ታውቂበታለሽ ይላሉ። ይኼንንስ ውጭ አልጥለውም። አጥምቂልኝ!»

የወርቅቱ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ካቶሊኳ የኦርቶዶክስ ልጅ አጠመቀች ከተባለ በሰበታ ምድር ዳግመኛ ደጇን የሚረግጥ እንደሌለ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ሙያዋ ደግሞ ኑሮዋ ብቻ አልነበረም። መካን ናትና ልጅ ማቀፊያዋም እሱው ነበር።

«ተረፈች፣ ሮጠሽ አባቱን ጠይቂ» አለችኝ።

ነገሳ ከደጅ ግንድ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ ያለችውን በጆሮው ነገርኩት። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ታድርገው» አለኝ። «ልጄ ውጭ አይቀበርብኝ።»

ተመልሼ ነገርኳት። ጣሳውን አነሣች፤ በግንባሩ ላይ ሦስት ጊዜ አፈሰሰች፤ ቃሉን ጮክ ብላ ተናገረች፤ ወልደ ሚካኤል አለችው። ሕፃኑ ውሃው ሲነካው ተንፈራገጠ። ከዚያ ትንፋሽ ሳበና አገር እስኪሰማ ጮኸ። እኔ ተአምር ነው እላለሁ። ወርቅቱ ግን እስክትሞት ድረስ «ውሃው ቀዝቅዞ ነው» ትል ነበር።

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ገንፎው ሳይበርድ ገለቴ ሁለታችንንም ጠርታ፣ ነገሩ በመካከላችን እንዲቀር ለመነችን። ለልጁ ሁንዴ የሚል ስም ወጣለትና ጡት እየሳበ ጉንጩ ይሞላ ጀመር። እኔም ነገሩ አለፈ ብዬ ረሳሁት።

አርባው ቀን ሲቃረብ ግን ወርቅቱን እህል አልወርድ አላት። መጀመሪያ ያመማት መስሎኝ ነበር። ጎትጉቼ ስጠይቃት፣ ለካ የሚያስጨንቃት የልጁ ክርስትና ኖሯል።

«ምን ቸገረሽ?» አልኳት። «ቄሱ ያጥምቁት። በውሃ ላይ ውሃ ቢጨመር ማን ይጎዳል?»

«ልጅ እጄ ላይ አንዴ ከወጣ ወዲያ ወደ እናቱ ሆድ መልሼ ደግሜ አዋልደዋለሁ?» አለችኝ ተቆጥታ። «ጥምቀትም አንዲት ናት። እነሱም እኛም በየቅዳሴው የምንለው እሱን አይደል? ቄስ ብዙነህ ሳያውቁ እንዲደግሙት ዝም ብል ያታለልኳቸው እኔ ነኝ።»

«ብትናገሪ ማንም አይጠራሽም።»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«እናማ እሁድ እሄዳለሁ።»

ሄደችም። ገለቴ አራስ ቤት ሆና መምከር አልቻለችም፤ ነገሳ ግን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። «እስኪ እንደ ፍጥርጥርሽ» ብሎ ወጣ።

ቄስ ብዙነህ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ለጾምም ለነገርም የማይለሳለሱ ሰው ናቸው። ሐሰት አያውቁም፤ ስለዚህ ሰው ይፈራቸዋል። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ከመውጣቱ በፊት በቅጥሩ በር ሲቆሙ ወርቅቱ ነጠላዋን አስተካክላ ፊታቸው ቀረበች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ።

«አባ፣ የነገሳን ልጅ ሊሞት ሲል አጥምቄዋለሁ። በሥላሴ ስም፣ በውሃ ነው ያጠመቅሁት። እንዳላታልልዎት ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ቄሱ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ማን አዘዘሽ?»

ነገሳ እዚያው አጠገባችን ነበር። ጋቢውን አሥሬ ያስተካክላል። አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ እኔ ነኝ ቢል የሰው ዓይን ከእሷ ላይ ይነሣላት ነበር። አላለም። እሷም ወደ እሱ ዞራ አላየችም።

«ያፈሰሰው እጅ የእኔ ነው፣ አባ። ስለ ሌላ ሰው አይጠይቁኝ።»

«የእናንተን ጥምቀት እኛ አንቆጥርም» አሉ ቄሱ። «ልጁ በቀኑ ይጠመቃል። አንቺም ከእንግዲህ ወዲህ የምእመኖቼን ደጅ አትርገጪ።» ወደ ሴቶቹም ዞረው፣ በእሷ እጅ የምትወልድ ሁሉ ከእሳቸው ጋር እንደምትጣላ ተናገሩ።

ሁንዴ በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ ወርቅቱ ከቅጥሩ ውጭ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ጎትቼ ላስቀራት ብል እሺ አላለችም። የልጁ ጩኸት ሲሰማ «ሳንባው ደህና ነው» ብላ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። ከወንዙ ማዶ ስንደርስ ግን ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ለነገሳ የቋጠርኩትን ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ አወረድኩት። እሱ እንደ ፈቀደ ለቄሱ ልንገራቸው አልኳት።

«ተይ» አለችኝ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «የተኮነነ አንድ ሰው ይበቃል።»

ይህቺ ቃል እስከ ዛሬ ታስደንቀኛለች። እኔ ነገሳን ይቅር ለማለት አሁንም እየሞከርኩ ነው፤ ገና አልተሳካልኝም።

ከዚያ ወዲያ በሰበታ ካለነው ጥቂት ካቶሊኮች በቀር የጠራት ክርስቲያን አልነበረም። የነጋዴው የየሱፍ ሚስት ራህመት ብቻ ከነሆዷ እየሣቀች መጣች።

«የእኔንስ ልጅ ውሃ አታፈሺበትም አይደል?» አለቻት።

«ለማጠብ ካልሆነ ምን አግብቶኝ!» አለች ወርቅቱ። ሁለቱም እስኪያነቡ ሣቁ።

በቀረው ጊዜ ከቤቷ ጀርባ ጎመንና ሽንኩርት እየተከለች ኖረች። ምጥ የጠናባቸው ሴቶች በጭነት መኪና እየተጫኑ አዲስ አበባ ይወሰዱ ጀመር። እሷ ወንዝ ወርዳ ልብስ የሚያጥቡትን እየዞረች «እገሊት ወለደች? ደሟ ቆመ? ጡቷ ወተት አለው?» እያለች ትጠይቃለች። መልስ የማይሰጧት ነበሩ። ጀርባቸውን የሚሰጧትም ነበሩ። ከእነዚያው አንዳንዶቹ ደግሞ በጓሮ እየመጡ ሆዳቸውን ያስዳስሷታል፤ እሷም ያቺ ሴት ትናንት ወንዝ ዳር ፊቷን እንዳዞረችባት ሁሉ ረስታ በጥንቃቄ ትዳስሳታለች። ይህቺ ሴት ቂሟን የት ነው የምታኖረው ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። አላገኘሁትም።

በሁለተኛው ክረምት፣ የሰበታ ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ በሞላበት ሰሞን፣ እኩለ ቀን ላይ ቄስ ብዙነህ ጥላቸውን ይዘው በእግራቸው መጡ። ከደጃችን ቆሙ። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። አንድ ልጃቸው ደጊቱ ለመጀመሪያ ልጇ አባቷ ቤት መጥታ ኖሯል፤ ባሏ ሆለታ ወታደር ነው። ምጡ ከትናንት ጀምሮ ነው። መንገዱ ተቆርጦ መኪና አያልፍም።

እኔ ትንሽ ደጅ ላስጠናቸው ፈልጌ ነበር። እውነቴን ነው፣ ዝናቡ ትንሽ ቢደበድባቸው ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ገና «አዴ ወርቅቱ» ሲሉ እሷ ምላጯንና ንጹሕ ጨርቋን ቋጥራ ብብቷ ውስጥ ከታለች።

«ውሃ ተጥዷል?» አለቻቸው። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

እሳቸው አራስ ቤት አይገቡምና ከውጭ፣ ከጭቃው ግድግዳ ሥር ቆሙ። እኛ ገባን። ደጊቱ ድምፅዋ አልቆ «ማርያም፣ ማርያም» የምትለው በከንፈሯ ብቻ ነበር። ልጁ በእግሩ ነው የመጣው። ወርቅቱ ስትሠራ ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን አይቼ አላውቅም። ደጊቱን እንደ እናት ታወራታለች፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ታባብላታለች፣ ትቆጣታለችም። እጇ ግን አንዴም አልተቻኮለም። እናትየዋን አተረፈቻት። የወጣችው ሴት ልጅ ግን ደክማለች። ትንፋሿ ይመጣና ይቀራል፣ ይመጣና ይቀራል።

ከግድግዳው በስተጀርባ የቄሱ ድምፅ መጣ።

«ወርቅቱ! ሕፃኑ አለ?»

«ሴት ናት፣ አባ። እየታገለች ነው። የምትቆይ አይመስለኝም።»

 ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ሕፃኗ በወርቅቱ እጅ ላይ ናት፤ ውሃው አጠገቧ በጣሳ አለ፤ ግን አላነሣችውም። ወላጅ አልፈቀደላትማ! ደጊቱ ራሷን ስታለች፣ ባሏ ሆለታ ነው፤ የቀሩት ከግድግዳው ወዲያ ያሉት አያትየው ብቻ ናቸው። እኔ ልጮህ ደረስኩ። ወርቅቱ ግድግዳው ላይ ዓይኗን ተክላ ትጠብቃለች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ እጇ ግን አይንቀሳቀስም።

«ውሃ አለሽ?» አሉ ቄሱ።

«አለኝ።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ማን ልበላት፣ አባ?»

ድምፃቸው ተሰበረ። «ወለተ ኪዳን በያት።»

አፈሰሰች። ቃሉን ተናገረች፤ ስትጨርስ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ «አሜን» አለ። ፀጉሬ ቆመ። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን እንደዚያ ያለ አሜን ሰምቼ አላውቅም።

ሕፃኗ ሳይመሽ አረፈች።

በማግስቱ ሰዎች ሊቀብሯት ተሰበሰቡ። እኔና ወርቅቱ ከሌሎቹ ጋር አልገባንም፤ ከቅጥሩ በር ላይ ቆምን። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ይዘው ወደ ውጭ ሊወጡ ሲሉ ቄስ ብዙነህ ጠሯቸው። ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከዋርካው ሥር፣ ቦታ አሳዩዋቸው። ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነገሳ ነበር።

«እዚህ ውስጥ፣ አባ?» አለ። «ሰማንያዋ አልደረሰም እኮ። ሳትጠመቅ…»

«ተጠምቃለች።»

ነገሳ ዶማውን እንደ ያዘ ቆመ። 

«ማን… ማን አጠመቃት?»

ቄሱ ቀና አሉ። ሕዝቡን ሁሉ አልፈው እኛ ወዳለንበት ተመለከቱ።

«ወርቅቱ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «እኔ ነኝ ያዘዝኳት።»

ከዚያ መስቀላቸውን አነሡና ፍትሐቱን ጀመሩ።