ከግራ የገባው ብርሃን

ሥዕሉን ኮምቦልቻ ካለ ፍሬም ሠሪ ገዝቼ ሆጤ ሰፈር ቤታችን ሳሎን ከሰቀልኩት ስምንት ዓመት ሆኖታል። የአንድ የድሮ ዘመን ፈረንጅ ሠዓሊ ሥራ ቅጂ ነው፤ ካይሮ ውስጥ አንድ ባለጥምጥም ሽማግሌ ምንጣፍ ላይ ቆሞ ሲሰግድ፣ በግራው ካለ መስኮት ብርሃን ይገባል። የሥዕል አስተማሪ ነኝ። ለስንቱ ተማሪ «እርጋታውን እዩ» እንዳልኩ አላህ ይወቀው። ዘንድሮ ግን እርጋታ የሚለው ቃል ራሱ አፌ ላይ ይከብደኛል።

አባቴን ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ከኩታበር ካመጣኋቸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ለቀዶ ጥገናው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቀጠሮ አስይዛለሁ፤ እሳቸው አልሄድም ይላሉ። ሁለቴ እንዲሁ አለፈ። አስተምሬ፣ አብስዬ፣ አጥቤ፣ ደግሞ ለምኜ ሰለቸኝ። ለአባት እንዲህ ማለት ነውር ነው፤ ግን ሰለቸኝ።

አንድ ቀን ግድግዳው ላይ እንደ ጥላ የሚታያቸው ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ብርሃኑ በየት ነው?»

«በግራው።»

«እንግዲያ የአሱር ሶላት ነው፣ ፀሐይ ዘቅዝቃለች» አሉ። እኛ አገር ሰጋጅ ቂብላው ወደሆነው ወደ ሰሜን ስለሚዞር ግራው ምዕራብ ነው። «እንደኔው መሽቶበታል። ለመሸበት ሰው ዓይን ምን ያረግለታል?»

አስተማሪነቴ አላስችል አለኝ። «አባየ፣ ሰውየው እኮ ያለው ካይሮ ነው። እዚያ ቂብላው በደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ግራው ፀሐይ መውጫ ነው። ጧት ነው።»

«ወላሂ በይ» አሉኝ።

«ወላሂ» አልኩ። የማልኩት ስለ ቂብላው ነው እንጂ ሠዓሊው ካይሮን በዓይኑ ይየው አይየው አላውቅም።

«ጧት ከሆነማ ገና ነዋ» አሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሚኒባስ ውስጥ ቀድመውኝ ገቡ።

ፋሻው ተፈቶላቸው ቤት ስንገባ በቀጥታ ወደ ሥዕሉ ሄዱ። ተጠግተው ብዙ አዩት።

«ይሄ ሰውየ እየሰገደ አይደለም» አሉ። «እግሩን እይው፤ ባንዱ ነው የቆመው። ሊስሉት ቁም ብለውት ነው። ቆሞ ቆሞ ታክቶታል።»

አየሁት። አንድ ጉልበቱ ላልቷል። ስምንት ዓመት ሙሉ እርጋታ ያልኩት ይህንን ነው።

አባቴ ዞር ሲሉ እኔ ቦርሳቸውን እንደያዝኩ በሩን ተደግፌ ቆሜአለሁ። ፊቴን ካዩት ሁለት ዓመታቸው ነው። መጀመሪያ ፊቴን አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸው ወደ እግሬ ወረደ።

«አንችንስ ቁሚ ያለሽ ማን ነው?» አሉ። «ተቀመጭ ልጄ።»

ቦርሳውን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ።