አባባና የቻይና በሬ

በሩን ከፍተው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ሰዉ ሁሉ ጎን ለጎን ተጋድሞ ስለነበር ከበሩ እስከ ግድግዳው ያለው ወለል በእግር ተሞልቷል፤ ካልሲ ያጠለቀ፣ ባዶ፣ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ። ላብ፣ እርጥብ ብርድ ልብስና ያደረ ወጥ ተደባልቆ ይሸታል። የት እንደምረግጥ ጠፍቶኝ ስቆም ከጥግ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ «ሰው ቤት ሲገባ ‹ቤት ለእንቦሳ› አይባልም እንዴ?» አለኝ።

«ቤት ለእንቦሳ» አልኩ።

«እንቦሳ እሰሩ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ፤ ሳቁም ፈነዳ። ከጠዋት ጀምሮ በፍርሃት ደርቄ ነበርና እኔም አብሬ ሳቅሁ። የቀለደብኝ ሰውዬ ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ እስረኛው ራሱ የመረጠው የክፍሉ ካቦ። ምን አድርገህ መጣህ አለኝ። በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ የቻይናዎች አስተርጓሚ ነበርኩ። ሠራተኞቹ አቤቱታ ሲያቀርቡ ቃላቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። መርማሪው፣ «አንተ ባትተረጉም ኖሮ አድማ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት ሙያዬን እንዲያ ያከበረልኝ ሰው አልነበረም። ካቦው ይህን ሲሰማ ስሜን እንኳን ሳይጠይቅ «ቻይናው» ብሎ ሰየመኝ፤ እስክወጣ ድረስ በሌላ ስም የጠራኝ የለም።

በዚያ ክፍል አንድ ደንብ ነበር። ቤተሰብ የሚያመጣው ምግብ ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል፤ ጠያቂ ያለውም የሌለውም እኩል ይበላል። ወደ ትሪው የማይጠጉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ከበሩ አጠገብ ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚቀመጡ ሽማግሌ፤ አባባ እንላቸዋለን። የከብት ነጋዴ ናቸው። ጫካ ለገቡት ሰንጋ ሸጠሃል ተብለው ነው የተያዙት፤ «ገበያ ላይ ገዢ መታወቂያ ይጠየቃል እንዴ?» ነበር መልሳቸው። አገራቸው ሩቅ ነው፤ ልጆቻቸው የት እንዳሉ አያውቁም። ከሚታደለን ዳቦ ግማሹን በሻይ ነክረው ይበሉና ሌላውን ለጎረቤታቸው ይሰጣሉ። ብሉ ሲባሉ፣ «ጠግቤያለሁ፣ ልጆቼ፤ ይባረክ» ይላሉ።

አለመጥገባቸውን ሁላችንም እናያለን። ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ግድግዳ ይዘው ነው፤ መመለሻው ላይ ደግሞ ቆም ብለው ያርፋሉ። ሐኪም እንዲመጣ በር ደበደብን፤ የመጣ የለም። አንድ ቀን ካቦው አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ሲለምናቸው፣ «በቤቴ ስንቱ መንገደኛ ሲበላ ኖሯል። አሁን የማላውቃት ሴት የቋጠረችውን ምን ሰጥቼ ነው የምበላው?» ሲሉት ሰማሁ። ካቦው ተነስቶ ወደ ትሪው ተመለሰ። እኔ ደግሞ ፈራሁ። ሰውዬው ዓይናችን እያየ፣ ምግብ ተርፎን፣ በራብ ሊሞቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት አለን። አንዱ እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ አንዱ ሕግ፣ አንዱ ስለ ንብ እርባታ ያወራል። ተራው ለእኔ ሲደርስ ቆጠራና ሰላምታ ያሰለቻል ብዬ ከካምፑ ቻይናዎች የለቀምኩትን የበሬ አነጋገር አመጣሁ። በሬም ላምም በቻይንኛ «ኒዩ» ነው አልኳቸው። ሳያማርር ለሌላው የሚለፋ ሰው «ሽማግሌ ቢጫ በሬ» ይባላል። ከብዙ ትንሽ ሲነካ «ከዘጠኝ በሬ አንድ ፀጉር» ነው። ጉረኛ ሰው ደግሞ «በሬ ይነፋል»። አንድ ቀያሽ እንዳጫወተኝ፣ ድሮ የከብት ቆዳ ነፍተው ወንዝ ይሻገሩበት ነበር፤ ያን ሁሉ ቆዳ ለብቻዬ በአፌ ነፋሁት የሚል ሰው ሲዋሽ ነው።

«ምኑ ላይ ነው ውሸቱ?» አለ ድምፅ ከበሩ በኩል። ሁላችንም ዞርን። አባባ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደዋል። «እኔ ዓባይን በስልቻ ተንሳፍፌ ተሻግሬያለሁ። በአፌ ነፍቼ።»

«የፍየል ነው የበሬ?» አለ ካቦው።

«የፍየል» አሉና ትንሽ አሰቡ። «የበሬም ቢመጣ እነፋዋለሁ።»

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣» አልኩ፤ «ቻይናዎቹ በሬ ነፋ የሚሉት ይኼንኑ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም ሳቁ፤ የጎደሉ ጥርሶቻቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የልብ ልብ ሰጠኝና ቀጠልኩ። ለማይገባው ሰው መድከም ሲሆን «ለላም በገና መደርደር» ይላሉ አልኩ። አሁን ግን ተቆጡ።

«ላም አይገባትም ያለው ማነው? ሲያልቧት ይዜምላት የለም እንዴ? ድምፅህን ካልወደደችው ጠብታም አታገኝ! እነዚህ ሰዎች በሕይወታቸው ላም አልበው አያውቁም።»

«እንግዲያው ተፈረደ» አለ ካቦው ብድግ ብሎ። «ከዛሬ ጀምሮ አባባ መምህር ናቸው። ቻይናው ቃሉን ያመጣል፤ ከብት እንዲህ ያደርጋል አያደርግም የሚለውን እሳቸው ይፈርዳሉ። በዚህ ክፍል ደግሞ መምህር በነፃ አይሠራም።» ይህን ብሎ ትሪውን ፊታቸው አስቀመጠ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለመምህር የተለየ ነገር የሰጠው ሰው አልነበረም፤ እኔም ሆንኩ የእንግሊዝኛው መምህር ይህን ለመናገር አልቸኮልንም።

አባባ ካቦውን አተኩረው አዩት። «ተንኮለኛ ነህ» አሉት።

«ሹፌር ነኝ፣ አባባ።»

ውሃ አስፈስሰው እጃቸውን ታጠቡ። በዝግታ ቆረሱ። እኛ ያላየን መስለን ጣሪያ ጣሪያውን አየን።

ብዙም ሳልቆይ ስሜ ተጠራና ዕቃህን ይዘህ ውጣ ተባልኩ። አባባን ጉልበታቸውን ስሜ ብርድ ልብሴን ተውኩላቸው። የእስር ቤቱን በር አልፌ ስወጣ ደስ ሊለኝ ሲገባ አንድ ነገር ከነከነኝ። እኔ ከሌለሁ ቻይንኛ የለም፤ ቻይንኛ ከሌለ መምህርነቱ የለም። ወደ ግማሽ ዳቧቸው ይመለሳሉ ማለት ነው። ይህ ነገር አገር ለቅቄም አልለቀቀኝም።

አሁን የምኖረው ቶሮንቶ፣ ሪጀንት ፓርክ ነው። የምሠራው ወደ ምሥራቅ በሚሄደው የገራርድ መንገድ ላይ፣ ቻይናውያን አዛውንት በሚጦሩበት ቤት። አንድ እሑድ ከሥራ ወጥቼ፣ የቻይናዎቹ የአትክልት ሱቆች ደጃፍ ላይ ስትሪትካር የሚሉትን የመንገድ ባቡር ስጠብቅ፣ ከቆመ ዴሊቨሪ መኪና ውስጥ «ቻይናው!» ብሎ የሚጣራ ሰማሁ። ፌርማታው በቻይናውያን የተሞላ ነው፤ የዞርኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ካቦው ነበር። ወፍሯል። ተቃቅፈን ሳንጨርስ፣ «አባባስ?» አልኩት።

«ተፈተዋል ባክህ! አገራቸው ናቸው። በቀደም ኮል አድርጌላቸው ስለ ጊደራቸው አንድ ሰዓት አወሩኝ።»

«እኔ ከወጣሁ በኋላስ? ይበሉ ነበር?»

«ይበሉ ነበር?» ብሎ ሳቀ። «ክላሱን ቴክ ኦቨር አደረጉት እኮ! በየቀኑ ያስተምሩናል፣ በየቀኑ ይበላሉ። አንተ ያላስተማርከንን ቻይንኛ ሁሉ ነው ያስተማሩን። ለጥጃው፣ ለወይፈኑ፣ ለቀንዱ።»

እኔ የሰጠኋቸው ቃል በጣት የሚቆጠር ነው። የቀረውን ሁሉ ከራሳቸው አውጥተውታል። ያ ክፍል ሙሉ ሰው በቻይና ምድር የማይታወቅ ቻይንኛ ተምሮ ወጥቷል። ደረቴ ላይ ስንት ዓመት የተቀመጠ ድንጋይ እዚያው ፌርማታው ላይ ወረደልኝ፤ ሳቄንና እንባዬን መለየት አቃተኝ።

ኢስት ዮርክ ወዳለው አፓርታማው ይዞኝ ሄደ። ሚስቱ ሺፍት ላይ ስለነበረች ጥብሱን ራሱ ጠበሰ፤ ጨው በዝቶበታል። ከአንድ ትሪ በላን። ሲጨርስ ወደ ኋላ ተደገፈና እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ «ኒዩ ዋንግ ቶ» አለ።

«ምን?»

«‹በሬው ጠገበ› ነዋ! አባባ በልተው ሲጨርሱ እሳቸው ይላሉ፣ እኛ እንቀበላለን። በየቀኑ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስካርቦሮ ለአንዲት ቻይናዊት ከስተመሬ አልኳትና አልገባትም። አክሰንቴ ነው አይደል? እስቲ አንተ የተማርክ ነህ፣ ልክ ነኝ?»

እንደ ተማሪ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ቻይንኛ ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

«ልክ ነህ» አልኩት። «መጨረሻዋን ብቻ ትንሽ ከፍ አድርጋት።»

ከፍ አድርጎ ደገመው። እኔም ተቀበልኩት።