የማር ማማሰያው ክንፍ

ማር ሲዞር ማየት ያፈዛል። ቦንጋ ላይ ጉም ሲወርድ፣ በማር ማጣሪያው ቤት ከትልቁ ጋን ጎን ቆሜ፣ ከደካ የመጣው ነጭ ማር ከቢታ ገነት ከመጣው ቀይ ጋር ሲዞር እያየሁ፣ ነቅቼ ይሁን አሸልቤ ይጠፋኝ ነበር።

ማማሰያውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰው በእጁ ማር የሚያማስልበትን ሰፊ እንጨት ለክቼ፣ በዚያው ልክ አራት ቀጥ ያሉ የብረት ክንፎች በየድኩ። ክንፉ በሰፋ ቁጥር በደንብ ይቀላቅላል ብዬ ነበር። በሳምንቱ ማማሰያውን የሚያዞረው ሞተር ተቃጠለ። ሥራ አስኪያጇ ሲጠይቁኝ አፌ ቀደመኝና "የመብራት ገመዱ ላልቶ ይሆናል" አልኩ። ገመዱን ያሰሩት ጋሼ ናቸው፤ ሙያ ያስተማሩኝ አዛውንት የመብራት ሠራተኛችን። በዚያች ቃል ከሥራ ታገዱ። መንገድ ላይ ስንገናኝ "ልጆቹ ደህና ናቸው?" ይሉኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

አዲስ ሞተር መጣ። አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ፈዝዤ ሳለሁ፣ ማሩ ላይ የተንሳፈፈች የሰም ፍርፋሪ ዓይኔን ያዘችው። ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ ከቦታዋ ግን ፈቀቅ አትልም። ነጩም ቀዩም እንዳለ አብሮ ይሽከረከራል እንጂ አይቀላቀልም። አጠገቤ አንዲት ባልደረባዬ በባልዲ ማር ታማስላለች፤ እንጨቱን ጋደል አድርጋ ከሥር ወደ ላይ ታነሳዋለች። ለካ እኔ እጁን ትቼ እንጨቱን ብቻ ነው የለካሁት!

ክንፎቹን አጥብቤ፣ ጋደል አድርጌ እንደገና በየድኳቸው። ማሩ በመሃል እየሰጠመ በዳር ይወጣ ጀመር፤ ነጩ ቀዩ ውስጥ ቀስ እያለ ጠፋ። ሞተሩ የሚስበው ኃይል ቀነሰ፤ የመለኪያው መርፌ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ሞተሩን ብነካው ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ዓይኔ ገመዱ ላይ አረፈ። ገመዱ እኮ ያው ጋሼ ያሰሩት ነው፤ ማንም አልነካውም።

ቤታቸው ስደርስ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ፈታተው ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ሞተሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ክንፉ ነው።"

"አውቃለሁ። ያን ዕለት ገመዱን ዳስሼዋለሁ፤ ምንም አልላላም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"መቼ ዝም አልኩ? ማን ሰማኝ?" ቀና ብለው አዩኝ። "ለቢሮው ነግረሃል?"

"አልነገርኩም።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

ኮታቸውን አንስተው ወደ ቢሮው ቀድመውኝ ወጡ።